ሁለተኛው ቀዳዳ

ቤዚስቱ ከሞተ ከአንድ ሰዓት በላይ አልፎት ነበር፤ ድራሙ ግን ጆሮው ላይ መምታቱን አላቆመም።

መርማሪዋ ወደ ክፍሉ ገብታ ወንበሩ አጠገብ ጎንበስ ስትል መጀመሪያ የሰማችው እሱን ነው። ከሟቹ ጭንቅላት ላይ ካልወረደው ትልቅ ሄድፎን ቀጭን «ዱም ታ፣ ዱዱም ታ» ሾልኮ ይወጣል። ሰውየው አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ፣ ቤዝ ጊታሩን ጭኑ ላይ እንዳቀፈ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀምጧል። ማጅራቱን ተመትቷል፤ አንድ ጊዜ፣ በሚገባ። የተመታበት ባለ አምስት ኪሎ የስፖርት ብረት፣ ድሮ በሩን ደግፎ ይይዝ የነበረው፣ ወለሉ ላይ ነው። ከልብስ ማድረቂያው በወረደ ካልሲ ተጠርጓል። ካልሲው ተጣጥፎ ከጎኑ ተቀምጧል።

«ሙዚቃውን ላጥፋው?» አለ ፎቶ አንሺው።

«ተወው። እሱን ካልሰለቸው እኛን ምን አገባን?»

መርማሪዋ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ስለ ሙዚቃ የምታውቀው ነገር ቢኖር በራሷ ሰርግ ላይ ስታጨበጭብ ሚዜዋ እጇን ይዛ እንዳስቆመቻት ብቻ ነው። ስለ ገመድ ግን አይኗ ደህና ነበር። ከጊታሩ የወጣው ገመድ ጠረጴዛው ላይ ወዳለች መጽሐፍ የምታክል ጥቁር ሳጥን ይገባል። ከሳጥኗ ሌላ ገመድ ወጥቶ ወደ ሟቹ ስልክ ይሄዳል፤ ስልኩ እየቀዳ ነው። ሳጥኗ ፊት ላይ ሁለት ቀዳዳዎች ጎን ለጎን አሉ። በአንደኛው የሄድፎኑ ወፍራም ጃክ ተሰክቷል። የሁለተኛው አፍ ላይ ወርቃማ ቀለበት ብቅ ብሏል። የሳጥኗ ጌጥ ነው ብለው ሁሉም አለፉት። እሷም አለፈችው፤ ከዚያ ተመለሰች። አንደኛው ቀዳዳ እንዲህ ያለ ጌጥ አልነበረውም።

የስልኩ ቅጂ የያዘው ከሳጥኗ የሚወጣውን ብቻ ነው፤ ጊታርና ድራም። የክፍሉ ድምፅ፣ የሰው ንግግር፣ የበር መከፈት ወይም ኮቴ የለበትም። ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ይጀምራል። መሃል ላይ ጊታሩ አንድ ደቂቃ ያህል ያርፋል፣ ይቀጥላል፣ ከዚያ ስምንት ተኩል አለፍ ሲል አንድ ወፍራም ክር ያለ ቦታው ይጮህና ጸጥ ይላል። ድራሙ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል።

ሚስቱ ነርስ ናት። ነጭ ገዋኗን እንደለበሰች ወጥ ቤት ተቀምጣ ነበር።

«ስንት ሰዓት ገቡ?»

«ዘጠኝ ተኩል። ሰላም አልኩት፤ አልመለሰም።»

«ከዚያስ?»

«ሻይ አፈላሁ።»

«አልደነገጡም?»

«ሄድፎን ከገዛ ወዲህ መልሶልኝ አያውቅም፤ ለምን እደነግጣለሁ? ሻዬን ጠጣሁ። ከዚያ ብርጭቆውን ላነሳ ስገባ አየሁት።» ትንሽ አሰበች። «ስኳር ጨምሬ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ደስ አይልም።»

«ሄድፎኑን ለምን ገዛ?»

«እኔ ነኝ ያስገዛሁት። ሌሊት ተረኛ ሆኜ አድሬ ቀን ልተኛ ስል አልጋዬ ይንቀጠቀጣል። ቤዝ እኮ በጆሮ ብቻ አይሰማም፤ በጉበትም ነው። አንድም እኔን አንድም ጊታሩን ምረጥ አልኩት። ሦስት ቀን አሰበበት።» እጇን ገዋኗ ላይ ጠረገች። «በመጨረሻ ሱቅ ድረስ ሄጄ እኔው መረጥኩለት። ጊታሩ ላይ በቀጥታ የምትሰካ፣ አውራ ጣት የምታክል፣ በባትሪ የምትሠራ። ያቺን ሳጥን ግን አላውቃትም። ጠዋት ስወጣ እዚህ ቤት አልነበረችም።»

«በር ለማን ይከፍት ነበር?»

«ለባንዱ ሰዎች። ለታችኛው ሽማግሌ ግን አይከፍትም። እሱም አያንኳኳም፤ ደብዳቤ ነው በበሩ ሥር የሚከተው።»

የታችኛው ሽማግሌ ስድሳ ሰባት ዓመት የሞላው ልብስ ሰፊ ነው። ደብዳቤዎቹ አሥራ አራት ሆነው መሳቢያ ውስጥ ተገኙ። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «የተከበሩ ጎረቤቴ፣ ድምፅዎን ራስዎ ካላጠፉ እኔው አጠፋልዎታለሁ። ከታላቅ አክብሮት ጋር።» የጣቢያ አዛዡ ይህን ሲያነብ ምሳ የበላ ያህል ደስ አለው። ሽማግሌው በዚያው ቀን ካቴና ገባለት።

«ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ጋ ይሄዳል» አለ አዛዡ። «እስከዚያ የምታመጪው ካለ አምጪ። ከዚያ በኋላ የኔ ጉዳይ አይደለም።»

መርማሪዋ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ሽማግሌው ማረሚያ ቤት ይወርዳል። ቀጠሮው ሲመጣ ሲራዘም ዓመት ይሞላል። በስድሳ ሰባት ዕድሜ ያን ዓመት በሕይወት የሚጨርስ ብዙ አይደለም።

በማግስቱ ጠዋት ጣቢያው አግዳሚ ላይ ከጎኑ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ይሄን እርስዎ ጻፉት?»

«ጻፍኩት። ያኔ በትልቁ ማጉያ ነበር የሚጫወተው። የመርፌ ቆርቆሮዬ ከጠረጴዛው ላይ በራሱ እየተራመደ ይወድቅ ነበር። የሙሽራ ሱሪ ላይ መቀስ ስቻለሁ በሱ ምክንያት።» ሽማግሌው ካቴናውን እንደ እጅጌ ልኬት ዞር ዞር አደረገው። «ሄድፎን ከገዛ ግን ሦስት ሳምንቱ። እግዜር ይስጠው፣ ሰላም አግኝቼ ነበር። እግሩ ብቻ ነው የቀረው።»

«የምን እግር?»

«ሲጫወት በእግሩ ወለሉን ይመታል። የኔ ኮርኒስ የሱ ወለል ነው፤ እሱ የሚሰማውን ባልሰማም እግሩን እሰማለሁ። ትናንት ደግሞ ሁለት እግር ነበር።»

መርማሪዋ ማስታወሻዋን ዘጋች። ሰው በደንብ ማዳመጥ ስትፈልግ እንዲህ ታደርጋለች።

«ልጄ፣ አርባ ዓመት ሙሉ የስፌት ማሽን በእግሬ ረግጬ ነው የኖርኩት። አንድ እግርና ሁለት እግር አይምታታብኝም። አንዱ ይቀድማል፤ ሌላው እንደ ሰዓት ነው። አብረው ጀመሩ፣ አብረው ቆሙ። ትንሽ ቆይቶ የሚቀድመው ብቻውን ጀመረ። ከዚያ እሱም ቆመ።»

«ለአዛዡ ነግረዋቸዋል?»

«ነግሬዋለሁ። እግር ምስክር ሆኖ አያውቅም አለኝ።»

የሙዚቃ ዕቃ ሻጩ ሳጥኗን ገና ሲያያት አወቃት። መርማሪዋ በላስቲክ ጠቅልላ ባንኮኒው ላይ አስቀምጣት ነበር።

«ትናንት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የለወጠው ነው። ትንሿን መለሰና ይቺን ወሰደ። በመጀመሪያ ከሚስቱ ጋር ሲመጣ ሁሉንም አሳይቻቸዋለሁ። የሄድፎን ቀዳዳ ያለው ማጉያ አለ፤ ያ ከባድ ነው፣ እሷም ሰው ሄድፎኑን መሰካት ሲረሳ ይጮሃል ብላ እንቢ አለች። ጊታሩ ላይ የምትሰካው አለች፤ ለአንድ ሰው በቂ ናት። ሄድፎኑንም ጆሮ ግጥም አድርጎ የሚዘጋውን ሰጠኋቸው፤ ክፍቱ ድምፅ ያፈሳል። እሷ ጆሮው ላይ አድርጋለት ከኋላው ቆማ በስሙ ጠራችው። አልሰማትም። ‹ይሄ ይሁን› አለችኝ።»

«ታዲያ ለምን ለወጠው?»

«ይቺ ውስጧ ድራም አለ። ማሽን ነው፤ እስከ ዓለም ፍጻሜ አንድ ምት አይስትም። ደግሞ ሁለት መስሚያ አላት። ‹ሁለተኛው ለማን ነው፣ ለማዳም?› ስለው ሳቀ። ‹አንድ ሰው በገዛ ጆሮው የሚሰማው ነገር አለኝ› አለ። አሳሳቁን ግን አልወደድኩትም።»

መርማሪዋ ወርቃማውን ቀለበት በጣቷ ነካችው። «ይሄስ?»

ሻጩ በጥፍሩ ያዘና ስቦ አወጣው። ከቀለበቱ ኋላ ጣት የሚያህል ጃክ ተከትሎ ወጣ። «ይሄማ የሳጥኑ አይደለም። አዳፕተር ነው። ቀጭን ጃክ ያለው ሄድፎን ወፍራም ቀዳዳ ውስጥ እንዲገባ የሚያደርግ። ሰው ሁሌ ይሄን ይረሳል፤ ገመዱን ሲስብ ቀጭኑ ይወጣና ይሄ እዚያው ይቀራል። ስንቱ ተመልሶ ይመጣል መሰለሽ ‹ጣልኩት› እያለ።» ወደ ብርሃን አቀረበው። «ይሄ ደግሞ ውስጡ ጥርስ አለው፣ እንደ ብሎን የሚጠመዘዝ። ከራሱ ሄድፎን ጋር ነው የሚመጣው። የሟቹ ሄድፎን ከመሠረቱ ወፍራም ነው፤ አያስፈልገውም።»

ከሱቁ ስትወጣ አዳፕተሩን ወደ ቀዳዳው መልሳ ላስቲኩን ዘጋችው።

ባንዱ የሚለማመደው ግድግዳው በእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን በተለበጠ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ዘፋኟና ድራመሩ ሀዘን ላይ ነበሩ። ዘፋኟ ለቅዳሜ ሌላ ቤዚስት በስልክ ታፈላልጋለች።

«ትናንት ስምንት ሰዓት የት ነበሩ?»

«ፀጉር ቤት። ካስክ ውስጥ ነበርኩ፤ አራት ሴት ይመሰክራል። አምስተኛዋም ትመሰክራለች፣ ግን አትወደኝም።»

«አንተስ?» አለች ወደ ድራመሩ ዞራ።

«ተኝቼ» አለ። ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነው። አንገቱ ላይ ሄድፎን አንጠልጥሏል፤ የገመዱ ጫፍ ከሸሚዙ ኪስ አፈትልኮ ወጥቷል።

«አትሌቱ ቀን ይተኛል» አለች ዘፋኟ፣ ሰውየው አጠገቧ እንደሌለ ሁሉ። «አትሌቱ ነው የምንለው። እኛ ስንራመድ እሱ ይሮጣል፤ ዘፈን ጀምረን ሳናጋምሰው በሩጫ እንጨርሰዋለን። ስሙን ያወጣለት ሟቹ ነው፣ ነፍሱን ይማር። አሁን ከተማው ሁሉ በዚሁ ስም ነው የሚያውቀው። እውነቱን ልንገርሽ አይደል? ከቅዳሜ በኋላ ልናሰናብተው ነበር። እሱም ያውቃል።»

ድራመሩ ፈገግ አለ። ፈገግታው ከጥርሱ አላለፈም።

«ሟቹ ሲለማመድ በምንድን ነበር?» አለችው መርማሪዋ።

«ያቺ አውራ ጣት የምታክለዋ ነገር ናት። ሚስቱ የገዛችለት፤ እዚህም ይዟት ይመጣ ነበር። ሌላ ነገር አላየሁም። ቤቱ ከሄድኩ ወር ይሆነኛል።»

መርማሪዋ ቀና ብላ አላየችውም። የምታየው የገመዱን ጫፍ ነበር፤ ቀጭን ጃክ፣ ሥሩ ላይ እንደ ብሎን ጥርስ የወጣለት፣ ባዶውን። የዘፋኟ ማዳመጫ ደግሞ ባቄላ የሚያክሉ፣ ገመድ የሌላቸው ሁለት ፍሬዎች ናቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁሉም በሟቹ ክፍል ተሰበሰቡ። ነርሷ ከወጥ ቤት ወንበር አመጣች። ዘፋኟ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ድራመሩ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሽማግሌው በሁለት ፖሊሶች መሃል ካቴናውን አቅፎ መጣ። የሟቹ ወንበር ላይ ማንም መቀመጥ ስላልፈለገ አዛዡ ተቀመጠበት። ጠረጴዛው ላይ ስልኩ ብቻ ነበር፤ ሳጥኗን መርማሪዋ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀርታታለች።

«ሟቹ ሲሞት ልምምዱን እየቀዳ ነበር» ብላ ጀመረች። «ቤዝና ድራም። እኔ ጆሮ የለኝም፤ ስለዚህ ለሚያውቅ ሰው አሰማሁት። ቤዚስቱ ልክ ነው፣ ድራሙ ነው የሚጎተተው አለኝ።»

የድራመሩ ጉልበት መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ሁለተኛው ዙር ላይ በተለይ» አለች መርማሪዋ፣ ማስታወሻዋን እያየች። ማስታወሻዋ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም። «ቤዚስቱ ተሸክሞት ነው የሄደው አለኝ።»

«ማነው ሰውየው?» አለ ድራመሩ።

«ሙዚቃ የሚያውቅ።»

«አያውቅም። ማሽን እንዴት ብሎ ይጎተታል? ሁለተኛው ዙር መዞሪያው ላይ እሱ ነው ጥሎ የሮጠው።»

ነርሷ ቀና አለች።

«የምን ማሽን?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች መርማሪዋ። ሳጥኗን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት። «ይቺ ናት። ሟቹ የገዛት በሞተበት ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ባለቤቱ አታውቃትም። ድራሙ ማሽን መሆኑን እኔና ሻጩ እናውቃለን። ቅጂውን ከእኔ በቀር የሰማ የለም፤ ባለሙያ የሚባለውን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። አንተ ወር ሙሉ እዚህ አልመጣሁም ብለሃል። ሁለተኛው ዙር ላይ ማን እንደሮጠ በምን ሰማህ?»

«ገመትኩ። ሁሌ እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚሮጠው።»

«ይሁን። እንግዲህ አባባ ወደ ነገሩን እንምጣ። ሁለት እግር ወለሉን መቱ። ክፍሉ ውስጥ ግን የሚሰማ ሙዚቃ አልነበረም፤ ድራሙ ያለው ሄድፎን ውስጥ ነው። ሁለት ሰው አንድ ምት በእግሩ የሚመታው ሁለቱም ጆሮ ውስጥ ሲኖር ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ሄድፎን ነበር። ሟቹ ለዚህ ሰው በሩን ከፈተ፣ አብሮት ሰማ፣ ከዚያ ጆሮውን ደፍኖ ጀርባውን ሰጠው። ደብዳቤ በበር ሥር ለሚያስገባበት ሽማግሌ እንዲህ አያደርግም።»

«ሚስትየዋስ?» አለ አዛዡ።

«ሚስትየዋ ሳጥኗን ብታያት ኖሮ በመስኮት ትወረውራት ነበር።»

«እውነት ነው» አለች ነርሷ።

«ሁለተኛው ሰው ገመዱን ስቦ ሄደ። ብረቱን ጠረገ፣ ካልሲውን አጠፈ፤ ይቺን ግን ረሳ። ሰው ሁሌ ይረሳታል ብሎኛል ሻጩ።» ወርቃማውን አዳፕተር ከቀዳዳው ነቅላ መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። «አንገትህ ላይ ያለውን ስጠኝ።»

ድራመሩ አልሰጣትም፤ አልከለከላትምም። ሄድፎኑን እሷው አወለቀችለት። የገመዱን ጫፍ አዳፕተሩ ውስጥ ከትታ ጠመዘዘች። አንድ ዙር፣ ሁለት፣ ሦስት። ጥርሱ ጥርሱን ያዘና ተገጠመ።

«እንዲህ ያለ ሄድፎን ብዙ ሰው አለው» አለ ድራመሩ።

አዛዡ ሰዓቱን አየ። «እዚህ ላይ ልክ ነው። በዚህ ብቻ ጠበቃ ይጫወትብናል። ቃሉን ካልሰጠ እኔ ሽማግሌውን አልለቅም፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መዝገቡ ይሄዳል።»

መርማሪዋ ወንበሯን ወደ ድራመሩ አስጠጋች። «ቅጂው መሃል ላይ አንድ ደቂቃ ጊታሩ ያርፋል። ያኔ ምን አለህ?»

ድራመሩ ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለና እኩል ነበር፣ እንደሚቆጥር ሰው።

«ና ስማ ብሎ ጠራኝ። ‹ማሽን አይሳሳትም፣ እኔ ከማሽን ጋር እኩል ነኝ፣ ስለዚህ ሯጩ አንተ ነህ› ሊለኝ ነው። ‹ከመባረርህ በፊት በጆሮህ ስማው› አለ። ሰማሁ። እሱ ከማሽኑም ቀደመ። አስቁሜ ነገርኩት። እሱም ሰምቶታል፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ከዚያ ሳቀ። ‹እሺ፣ እኔ ነኝ። ማን ያምንሃል? ስሙ የወጣው ላንተ ነው› አለኝ። ሄድፎኑን መልሶ አጠለቀና ዞረ። እንደገና ጀመረ። እንደገና እዚያው ቦታ ላይ ሮጠ። ብረቱን አነሳሁት።»

ዘፋኟ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። ቀስ ብላ አወረደችው።

መርማሪዋ ቃሉን ጻፈች፣ አነበበችለት፣ እስክሪብቶ ሰጠችው። ድራመሩ ወረቀቱን መልሶ ገፋው።

«ይጎድለዋል። የሚቀድመው እሱ እንደነበረ ይጻፍ።»

«ይሄ ከነፍስ ግድያ ጋር ምን አገናኘው?» አለ አዛዡ። «ፈርም።»

«አልፈርምም። ካልተጻፈ ሽማግሌው ማረሚያ ቤት ይሂድላችሁ።» ሽማግሌውን አላየውም።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሆኗል። መርማሪዋ ጻፈች፦ «ሟቹ ከምቱ ይቀድም ነበር።» ድራመሩ አነበበው።

«የኔ ቃል ብቻ ነው። አንቺ ጆሮ የለሽም። ምስክር ያስፈልገዋል።»

ሁሉም ዘፋኟን አዩ። እሷ ጫማዋን ታያለች።

«እኔ ሰምቻለሁ» አለ ልብስ ሰፊው።

ድራመሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አየው። «ምን ሰሙ?»

«ሁለት እግር። እንደ ሰዓት የሚመታው ወደ በሩ የተቀመጠው ነበር። የሚቀድመው በዚህ ወንበር ላይ የነበረው ነው።» በካቴናው አዛዡን አመለከተ። «ስትመታ አንድም ጊዜ አልሳትክም ልጄ። እኔ ታች ሆኜ በአንተ ምት አንድ ሙሉ የኮት እጅጌ ሰፍቻለሁ።»

ድራመሩ ወረቀቱን ወደ ሽማግሌው ገፋ። «ይፈርሙልኛል?»

ሽማግሌው በሁለት የታሰሩ እጆቹ እስክሪብቶውን ይዞ፣ ከመስመሩ ሥር በጥንቃቄ፣ ስሙን ከነአባቱ ጻፈ። ከዚያ ድራመሩ ፈረመ። አዛዡ የሽማግሌውን መፍቻ ወረቀት ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈረመ።

ፖሊሶቹ ይዘው የመጡት ካቴና አንድ ብቻ ነበር። ከሽማግሌው እጅ ተፈትቶ ድራመሩ ላይ ሲቆለፍ ብረቱ ገና አልቀዘቀዘም።